ወደ ግራ የምታዘነብል አውሮፕላን

ልጅ ሳለሁ ከፍኖተ ሰላም ሰው ሁሉ አብልጬ የምጠላው ጋሸ ክንዱን ነበር። ምንም አላደረጉኝም። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ "አንች የንግሥቴ ልጅ፣ እንዴት ዋልሽ?" ሳይሉኝ አያልፉም፤ ኪሳቸው ውስጥ ከረሜላ ከተገኘ ደግሞ የእኔ ነው። ጠቤ ከሥራቸው ጋር ነበር። ለከተማው መብራት የሚሰጠውን የናፍጣ ሞተር ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሚያስነሡት፣ አራት ሰዓት ላይ የሚያጠፉት እሳቸው ናቸው። ከማጥፋታቸው በፊት ሰዉ ኩራዙን እንዲያቀራርብ አንድ ጊዜ ድርግም ያደርጉትና መልሰው ያበሩታል። ይህ የከተማው ደንብ ነው፤ ማንም አይከፋውም። እኔን ያንገበገበኝ አንዳንድ ማታ ራት እንኳ ሳይቀርብ፣ ያለ ሰዓቱ ድርግም ማድረጋቸው ነው። ያኔ ኮምፒውተራችን የነገርነውን ሁሉ ይረሳል።

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። በዚያ ጊዜ በከተማው ውስጥ ኮምፒውተር ያለበት ቤት ከእኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ኮምፒውተር ስል የዛሬውን እንዳታስቡ። ፊደላት የተደረደሩበት ወፍራም ሳጥን ነው፤ በሽቦ ከትንሽ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ጋር ይያያዛል። ጨዋታው ያለው ካሴት ላይ ነው። ካሴቱ ወደ ሳጥኑ ሲገለበጥ እንደታነቀ ዶሮ እየጮኸ ነው፤ ያን ጩኸት እስከ መጨረሻው ሳትታገሡ ጨዋታ አይመጣም። ከሳጥኑ ጎን ደግሞ አጭር ዘንግ ያለባት መቆጣጠሪያ ትሰካለች። ወንድሜ ይሄይስ "ጆይስቲክ" ይላታል። እኔ ግን ስሟ አፌ አልገባ ስላለ ማርሽ ነበር የምላት፤ የአውቶቡስ ማርሽ ትመስላለችና።

ዕቃውን ያመጣው የእናቴ ታናሽ ወንድም ሙሉሰው ነው። ምሥራቅ ጀርመን ተምሮ ተመልሶ ባሕር ዳር ሥራ ይዞ ነበር። አንድ እሑድ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ይዞት መጣ፤ ጠረጴዛው ላይ ሲፈታው እኔ ከደስታዬ ብዛት እየዘለልሁ ነበር። ለእኔ የመጣ መስሎኝ ነው። ሙሉሰው ግን እናቴን ቀስ ብሎ "ይኼ እንኳ ከቤት ሳይወጣ ያውለው ይሆናል" አላት። እናቴ የሳቀችው ሳቅ ሳቅ አይመስልም ነበር። ከዚያ ሁለቱ በአገውኛ ማውራት ጀመሩ። የእናቴ ወገኖች ከቡሬ በላይ ያሉ አገዎች ናቸው፤ ይሄይስም አያቴ ዘንድ ስላደገ ቋንቋውን ይሰማል። እኔ ብቻ ነኝ የማልሰማው። በቤታችን አገውኛ ከተጀመረ ነገሩ እኔን አይመለከትም ማለት ስለሆነ ወጥቼ ገመድ እዘላለሁ።

ይሄይስ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ባለፈው ዓመት ማትሪክ ተፈትኖ ውጤት አልመጣለትም። ከመስከረም ጀምሮ በቀን ከግቢ ወጥቶ አያውቅም። ሰው ከጠየቀኝ "ቡሬ አያቴ ዘንድ ነው፣ አዝመራ ሊያግዝ ሄዷል" እንድል ተነግሮኛል። እላለሁ። አራተኛ ክፍል ያስተማሩኝን ግጥም እንኳ እንዲህ አሳምሬ አልወጣሁትም። ምክንያቱ ለእኔ ግልጽ ነበር፤ ወንድሜ ስለወደቀ አፍሯል። ማትሪክ የወደቀ ሰው ፊቱን ለሰው ማሳየት አይችልም ብዬ ነው ያሰብሁት። እናም አዘንሁለት፤ እኔ ስፈተን እንዴት እንደምሆን እያሰብሁ ለራሴም ጭምር ፈራሁ።

ዛሬ የማውቀው ሌላ ነው። ትምህርት ቤት የሌለ ወጣት በዚያ ዓመት የጦር ሜዳ ነበር። አፈሳ ይባላል። ታጣቂዎች ድንገት ሰፈሩን ይከቡና ቤት ለቤት ገብተው ጢሙ የጀመረውን ሁሉ ለቅመው ይወስዳሉ፤ የሄደው ወዴት እንደደረሰ ለእናት የሚነግራት የለም። ሙሉሰው ያን ሁሉ ዕቃ ከባሕር ዳር ድረስ ተሸክሞ የመጣው አንድ ወጣት በአራት ግድግዳ ውስጥ ሳያብድ እንዲሰነብት ነበር። የእኔ ገመድ ዝላይና የእነሱ አገውኛ በአንድ ግቢ ውስጥ እንዴት አብረው እንደኖሩ ሳስበው አሁንም ይገርመኛል።

ጨዋታው የአውሮፕላን ነው። በተራሮች መካከል በርረህ፣ ከወዲያ ማዶ ካለች ጠባብ ሜዳ ላይ ታሳርፋለህ። በቃ ይኸው ነው። ግን አውሮፕላኗ ወደ ግራ ታዘነብላለች። ማርሿን ሳትነካት ራሷ ወደ ግራ እየሄደች ከተራራው ትላተማለች። ለዚህ መድኃኒቱ ማርሿን ልክ ማስያዝ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ትንሽ መስቀል ይመጣል፤ ማሽኑም በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ይሄይስ ይተረጉምልኛል።

"አሁን እጅሽን አንሽ" ይለኛል።

"ይዤያት ብሆንስ?"

"ልቀቂያት። መሐሏ የት እንደሆነ እስቲ ሳትነኪያት ትናገር።"

እለቃታለሁ። ቁልፍ ይጫናል። ከዚያ ወደ ግራ እስከ ጥግ፣ ወደ ቀኝ እስከ ጥግ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፤ በየጥጉ ቁልፍ ይጫናል። ሲያልቅ ማሽኑ "ገብቶኛል" እንደማለት ጢጥ ይላል፤ አውሮፕላኗም ለጊዜው ቀጥ ብላ ትበራለች። ጥቂት ቆይታ ግን እንደገና ማዘንበል ትጀምራለች፤ እኛም እንደገና።

ይሄይስ ከዚህች ነገር ጋር እልህ ተጋባ። ሌላ ምን ሥራ አለው? ማርሿን በቢላ ጫፍ ፈታት። እናቴ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነበር የምትሠራው፤ ከዚያ ያመጣችለትን አልኮል በጥጥ እየነከረ ውስጧን ጠረገላት። ስፕሪንጓ አንድ ጎኑ እንደሰለለ ሲያይ የፀጉሬን ላስቲክ ወስዶ በቀኝ በኩል ወጥሮ አሰረላት። እኔም "ፀጉሬን በምን ልሰር?" ብዬ ተነጫነጭሁ፤ በጫማው ክር አስሮ "ይኸውልሽ፣ ጀርመን አስመሰልሁሽ" አለኝ። በላስቲኩ በጣም ተሻላት። ቀስ በቀስ አስተካክሎ፣ አጥብቆና አላልቶ፣ ልኳን ያገኘ ቀን አውሮፕላኗ ሁለት ተራራ አለፈች። እኔ በልቤ አንድ ነገር ወስኜ ነበር፤ ይሄይስ አውሮፕላኗን ያሳረፈ ዕለት እፍረቱ ይለቀዋል፣ በማግስቱ በቀን ከግቢ ይወጣል፣ ትምህርት ቤት ድረስ እጄን ይዞ ይሸኘኛል። ከዚያ በላይ የምመኘው ነገር አልነበረም።

ሦስተኛው ተራራ ላይ ስንደርስ መብራቱ ድርግም አለ።

ወዲያው ተመልሶ መጣ። ቴሌቪዥኑም በራ። ግን ጨዋታ የለ፣ ልክ የለ፣ ባዶ ብርሃን ብቻ። ሁሉንም እንደ አዲስ ከካሴቱ ጩኸት ጀምሮ መድገም ነው። ወደ ይሄይስ ዞርሁ። ቆሞ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ቆጣሪውን አይቼ መጣሁ" አለኝ።

"በርቷል እኮ፣ ቆጣሪው ምን ሆነ?"

ጫማውን በእጁ ይዞ በጓሮ በር ወጣ። የመጣው ጧት ነው፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ከላዩ ላይ በርበሬ በርበሬ ይሸታል። እናቴ ውኃ አሙቃ ሰጠችው። እኔ አኮረፍሁ። እንዲህ ያለ ንዴት አይቼ አላውቅም፤ ጨዋታ ጠፋብኝ ብሎ እኔን ብቻዬን ጥሎ ሌሊቱን ሙሉ ይዞራል? ወይም ሄዶ ሞተር ቤት ደጃፍ ላይ ከጋሸ ክንዱ ጋር ሲጨቃጨቅ አድሮ ይሆናል ብዬ ጠረጠርሁ። ይህ ነገር ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በየጊዜው፣ ልኳን ባገኘን ቁጥር የሚባል ዓይነት፣ መብራቱ ያለ ሰዓቱ ድርግም ይላል፤ ማሽኑ ይረሳል፤ ይሄይስ "ቆጣሪውን" ብሎ በጓሮ ይወጣል።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ ቀጥታ ሞተር ቤት ሄድሁ። ከዚያ በፊት ገብቼበት አላውቅም። ሞተሩ ቆሟል፤ ቤቱ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ጋሸ ክንዱ ብቻቸውን በጨርቅ የሆነ ብረት ይወለውላሉ።

"አንች፣ ምን እግር ጣለሽ?"

"ልለምንዎ ነው የመጣሁ፣ ጋሸ ክንዱ።"

"ምን ሁነሽ?"

"መብራቱን በጊዜ ድርግም አያድርጉብን። ድርግም ባለ ቁጥር ማርሻችን ልኳ ይጠፋባታል። ይሄይስም ይናደድና ጥሎኝ ይወጣል፤ ጧት ነው የሚመለስ።"

እጃቸው ጨርቁ ላይ ቆመ። ተነሡና ወደ በሩ ሄደው ውጭውን ግራና ቀኝ አዩ። ተመልሰው ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አሉ።

"ይሄይስ ማን ነው?" አሉኝ።

ገረመኝ። የክርስትና አባቱ እሳቸው ናቸው። "ወንድሜ ነዋ" አልሁ።

"ወንድምሽ ቡሬ አይደል እንዴ?"

ያኔ ነገሩ ትዝ ብሎኝ ደነገጥሁ። "አዎ፣ ቡሬ ነው። አያቴ ዘንድ። አዝመራ ሊያግዝ ሄዷል።"

"እንግዲያ ተናዶ የሚወጣው ማን ነው?"

"ማንም።"

"እንደሱ በይ። ሌላ ሰው ፊትም እንደሱ በይ።" ኪሳቸውን ዳበሱ፤ ከረሜላ አልነበረም። "እኔ ላናድድሽ ብየ አይደለም፣ ልጀ። ናፍጣው ውኃ እየገባበት ሞተሩ ትን ይለዋል። አሁን ሂጅ፣ እናትሽ እንዳትፈልግሽ።"

አላመንኋቸውም። ትልቅ ሰው ሲዋሽ ዓይኑን ነው የማየው፤ የእሳቸው ዓይን ወለሉን ነበር የሚያየው። በዚያው ዕለት፣ ሞተሩን አስነሥተው ይመስለኛል፣ ቤታችን መጡ። አልቀመጥም ብለው ደጃፉ ላይ ከእናቴ ጋር በሹክሹክታ አወሩ። እኔ ደብተሬን ዘርግቼ ጆሮዬን ወደ በሩ አደረግሁ። ጋሸ ክንዱ አገውኛ ስለማይችሉ ያን ቀን ንግግሩ በአማርኛ ነበር።

"ሕፃን ናት፣ አያ ክንዱ፣ ይቅር ይበሏት" አለች እናቴ።

"ኧረ እኔ አልተቀየምሁም። ሌላ ሰው ፊት እንዳትለው ነው።"

"የበቆሎው ማሳ ሁሉ ታጨደ እኮ። ከእንግዲህ በርበሬው ነው የቀረ።"

"አይቻለሁ።"

"በርበሬ ምን አላት? ጉልበት አትደርስ።"

"ላህ ወንዝ ዳር ዳሩን ቁጥቋጦ አለ። እኔም የማውቀው አምሽተህ አብራ ያሉኝ ቀን ብቻ ነው፣ ንግሥቴ። ከዚያ በፊት የሚነግረኝ የለ። የምችለውን አደርጋለሁ።"

ምንም አልገባኝም። እኛ ማሳ የለን፣ በሬ የለን፤ ስለ ሰው በቆሎ መታጨድ እናቴ እንዲህ የምትጨነቀው ምን ሁና ነው? ሳልጠይቃት ተኛሁ። ነገሩ ግን እንዲህ ነበር፤ አፈሳ ባለ ማታ ታጣቂዎቹ በየቤቱ ሲገቡ እንዲታያቸው ሞተሩ ከደንቡ ሰዓት አልፎ እንዲሠራ ቀን ላይ ትእዛዝ ይመጣል። ጋሸ ክንዱ ያን ትእዛዝ የተቀበሉ ዕለት ገና በጊዜ አንድ ጊዜ ድርግም ያደርጉታል፤ ከተጠየቁ ናፍጣው ነው። የገባቸው እናቶች ልጆቻቸውን በጓሮ ያስወጣሉ። በቆሎው ሳይታጨድ ልጆቹ የሚያድሩት በበቆሎውና አጠገቡ ባለው በርበሬ መካከል ነበር፤ ከታጨደ በኋላ ግን በበርበሬው ማሳ ውስጥ ብቻ፣ በሆዳቸው ተኝተው። የዓይኑ መቅላት ለካ ከንዴት አልነበረም።

በታኅሣሥ ገደማ ይሄይስ ተለወጠ። አይስቅም። ምግብ ይተዋል። ማርሿን እያስተካከለ ልክ ያስይዛታል፤ መብራቱ በደንቡ ሰዓት ይጠፋል፣ በማግስቱ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። አንድ ማታ ላስቲኩ ተበጠሰና ማርሿን ይዞ ተቀመጠ። እንባ ሲወርድ አየሁት። አንድ ትልቅ ወንድ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ የመጀመሪያዬ ነው፤ ምን እንደሚባል ጨነቀኝና ሌላኛውን የፀጉሬን ላስቲክ ፈትቼ ሰጠሁት። ተቀበለኝና "ምን ዋጋ አለው፣ ቻይነሽ? ነገ ደግሞ ይረሳዋል" አለኝ። እኔ ያለቀሰው ለማርሿ መስሎኝ ነበር።

ሙሉሰው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እናቴ ላከችበት መሰለኝ። በዚህ ጊዜ ይዞ የመጣው የመኪና ባትሪ ነው፤ በጆንያ ሸፍኖ ሲያወርደው ወገቡ ሊቆረጥ ደረሰ። ቴሌቪዥኑም ሳጥኑም በባትሪ መሥራት እንደሚችሉ፣ የካሴቱ ማጫወቻም በባትሪ ድንጋይ እንደሚሄድ ለይሄይስ አስረዳው። አብረው ሽቦ ሲላጩ፣ ሲቋጥሩ አመሹ። ሳይጠፋ ማደር ይችላል፤ በሳምንቱ መጨረሻ ባትሪው ተወስዶ ይሞላል። ይሄይስ ብዙ ጊዜ ያላየሁበትን ጥርሱን አሳየን።

"እንግዲህ አይረሳም" አለኝ።

"በጭራሽ?"

"በጭራሽ። ጋሸ ክንዱ ያሻቸውን ያድርጉ።"

እልል ልል ነበር፤ እናቴ አፌን በእጇ ያዘችኝ። ሙሉሰው ግን ሌላ ሐሳብ ነበረው። አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ አንድ የሰፈር ሰው "የእህትህ ልጅ ተመለሰ እንዴ? ማታ ማታ መስኮቷ ላይ የሰው ጥላ አያለሁ" ብሎት ነበር። ይህን ሲነግራት እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ወዲያው ጋቢዋን አውርዳ መስኮቱ ላይ ሰቀለችው፤ ዳር ዳሩንም በምስማር አያያዘችው። ቀጥላ አምፖሉን አጠፋችው።

"ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ክፍል መብራት አይበራም" አለች። "ለእናንተ የቴሌቪዥኑ ብርሃን ይበቃችኋል። እኔም ማድ ቤት በኩራዝ እሠራለሁ።"

"ይሻላል" አለ ሙሉሰው።

"ይሻላል" አለ ይሄይስም።

እኔም እንዲያውም በጨለማው አውሮፕላኗ ደምቃ ስለምትታይ ደስ አለኝ። ሙሉሰው የባሕር ዳር ሰው ነው፣ የጋሸ ክንዱን ነገር ማን ነግሮት ያውቃል? እናቴ የፈራችው የጎረቤት ዓይን ነበር። ይሄይስ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ወር በኋላ አንድ ነገር ሊጸናለት ስለሆነ ልቡ እዚያ ላይ ነበር። ሁሉም የሚወዱትን ሊጠብቁ ነው የተሯሯጡት። ይህን ሳስብ ማንን እንደምወቅስ አላውቅም፤ የምወቅሰው ሰው ባገኝ ይቀለኝ ነበር።

ሙሉሰው በማግስቱ ወደ ባሕር ዳር ተመለሰ። የዚያን ዕለት ማታ እናቴ ማድ ቤት ነበረች፤ ማድ ቤቱ ለብቻው ጓሮ ነው ያለው፣ አምፖል ገብቶለት አያውቅም። እኔና ይሄይስ በሩን ዘግተን ማርሿን ልክ ስናስይዝ አመሸን። ቀን ላይ ላስቲኩን አዲስ አድርጎ አስሮታል። ካሴቱ ጮኸ፤ ጨዋታው መጣ። "እጅሽን አንሽ።" አነሣሁ። ግራ፣ ቀኝ፣ ላይ፣ ታች። ጢጥ። አውሮፕላኗ የመጀመሪያውን ተራራ አለፈች። ሁለተኛውን አለፈች። ስንት ጊዜ እንደሆን አላውቅም እጄን እያሻሸሁ "አሁን ድርግም ይላል፣ አሁን ድርግም ይላል" እል ነበር። አላለም። ሦስተኛውን አለፈች። ከዚያ ወዲያ ያለውን አገር አይተነው አናውቅም ነበር፤ ወንዝ አለ፣ ዛፍ የሚመስሉ ነጠብጣቦች አሉ።

የውጭው በር የተንኳኳው ያኔ ነው። ማንኳኳቱ ኃይለኛ አልነበረም። ጎረቤት እሳት ልጭር ብሎ እንደሚያንኳኳው ነው። ከዚያ የእናቴ ድምፅ ተሰማ፣ ከጓሮ እየሮጠች "ማነው? ማነው?" ስትል። ከእሷ ቀድመው የጓሮውን በር የከፈቱት ሌሎች ነበሩ።

ሦስት ሰዎች ገቡ። አንዱን አውቀዋለሁ፤ ገደፋው ይባላል፣ የቀበሌ ታጣቂ ነው፣ ሴት ልጁ ከእኔ ጋር ነው የምትማረው። መሣሪያውን አንግቶ በቴሌቪዥኑ ብርሃን አጠገባችን ቆመ። ፊቱን ወደ እናቴ አላዞረም።

"እኛም ታዝዘን ነው፣ ወይዘሮ ንግሥቴ" አለ።

እናቴ መሬት ላይ ተደፍታ እግሩን ያዘችው። እኔ ፈራሁ፤ ግን የፈራሁት ወንድሜ በመውደቁ ሊቀጣ መስሎኝ ነው። ይሄይስ ቁጭ እንዳለ ነበር። ጓሮውን አየ፤ በሩ ላይ ሰው ቆሟል። ማርሿን አሁንም ይዟታል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አውሮፕላኗም አብራው ትንቀጠቀጣለች። ከዚያ ወደ እኔ ገፋት።

"ያዣት" አለኝ። ወዲያው ደግሞ "አይ፣ ተያት። አትንኪያት። አሁን መሐሏን ታውቀዋለች።"

ተነሣ። ጫማውን እንዲያደርግ ፈቀዱለት። ክሩን ማሰር አቅቶት ጊዜ ወሰደ፤ ማንም አላጣደፈውም። እኔ እንዳለኝ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ቴሌቪዥኑን አያለሁ። አውሮፕላኗ ማንም ሳይነካት ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ወደ ግራ አላዘነበለችም። ወደ ቀኝም። ማዶ ሜዳዋ መጣች፤ ጠባብ ነጭ መስመር ናት።

"ይሄይስ፣ ቀጥ ብላ እየሄደች ነው" አልሁት።

በሩ ላይ ደርሶ ነበር። ዞሮ አየ። ገደፋውም አየ፣ ሌሎቹም አዩ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ከወንድሜ ብዙም የማይበልጥ ልጅ፣ "ምንድን ነው እሱ?" አለ።

"አውሮፕላን" አልሁት እኔ።

ይዘውት ወጡ። እናቴ ተከትላቸው ወጣች፤ ድምፅዋ እስከ አስፋልቱ ድረስ ይሰማኝ ነበር። እኔ አልተነሣሁም። "ጧት ይመጣል" ብዬ ነው፤ ሁልጊዜ ጧት ይመጣል።

በአንድ ወታደር አፍ የተላከ አንድ ሰላምታ፣ ወደ ሰሜን ሲያልፉ ከወልዲያ፣ ደርሶናል። "ቻይነሽን አትቆጧት" የሚል ነበረበት። ለምን እንደዚያ እንዳለ እናቴም እኔም አልገባንም። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ሰምተን አናውቅም። ደርግ ወድቆ ሰው ሁሉ ሲመለስ እናቴ መናኸሪያው ላይ እየዋለች ስትጠብቀው ዓመት አልፏታል።

ይሄይስን በወሰዱት ማግስት ጧት ጋሸ ክንዱ መጡ። ሳይተኙ እንዳደሩ ልብሳቸው ይናገራል፣ ናፍጣ በናፍጣ ነው። እናቴ ደጃፉ ላይ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ ቁጭ ብላለች፤ ጎረቤቶች ገና አልመጡም። ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጡም።

"ምነው ንግሥቴ?" አሉ። "ምነው፣ አላያችሁትም? ሁለት ጊዜ ነው ያደረግሁት። አንዱ ያመልጣችሁ ይሆናል ብየ ደገምሁት እኮ።"

እናቴ ቀና ብላ አየቻቸው። ምን እንደሚሉ ገና እየገባት ነበር። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ፤ ለወራት ስጣላቸው የኖርሁትን ሰውዬ ድል የመታሁበት ቀን ነው። ቤት ውስጥ ሆኜ ከጀርባዋ ብቅ አልሁ።

"ጋሸ ክንዱ" አልኋቸው፣ "ትናንት ድርግም ቢያደርጉትም እኛ ምንም አልሆንን። ባትሪ አለን። አምፖሉንም እምየ አጥፍታው ነበር።"

እንደምትቆጣኝ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጣችም። ጋሸ ክንዱ ኮፍያቸውን አውልቀው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እናቴ ተነሥታ በአጠገቤ አልፋ ገባች። ግድግዳው ላይ ያለውን የአምፖሉን ማብሪያ ተጫነችው። ቀን ስለሆነ ሞተሩ አይሠራም፤ ምንም አልበራም። መልሳ ተጫነችው። ደግማ ተጫነችው፤ ጋሸ ክንዱ ገብተው እጇን እስኪይዟት ድረስ ቀጭ ቀጭ ታደርገው ነበር።